ለክፍሌ ልጆች የፈጠርኳት እናት

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ የተራራውን ብርድ እንዴት ቻለው? ዘንድሮ በረዶው ቀድሞ ወረደ ሲሉ ብሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት አንቺን ነው። እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ባሌ የጣራ ሥራው በብርዱ ስለቆመ እቤት ይውላል። የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች። ደህና ያልሆነው የእኔ ፊት ነው፤ ሰው ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ምክንያቱን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው።

እዚህ ቺካጎ ቅዳሜ ቅዳሜ የአገራችንን የፖላንድን ልጆች ታሪክ እንደማስተምር ታውቂያለሽ። ነገሥታቱንና ጦርነቱን ስናጠና ቆይተን፣ ዘንድሮ ደግሞ ቤተሰቦቻቸው ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጡ እየጠየቁ እንዲመጡ አዘዝኳቸው። አንዷ የቅድመ አያቷን የቄራ ሥራ ስትናገር ልጆቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ተቆጣኋቸው፤ በሠራ እጅ አይሳቅም አልኳቸው። ይኼኔ ምላሱ የማያርፈው ቲሞን፣ “የእርስዎ እናትስ መምህርት?” አለኝ።

ከኋላ ወላጆች ተቀምጠዋል፤ አንዷ ጠበቃ ናት፣ አንዱ ሐኪም። እናቴ እዚህ ከተማ ፒያኖ ልታስተምር መጥታ ነበር አልኩ። አንቺ ፒያኖ የነካሽው አቧራውን ስትወለውዪ ብቻ መሆኑን እያወቅሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በትልልቅ ቤቶች ትጫወት ነበር ብዬ ጨመርኩበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተማሪዬ የዩስቲና አያት፣ እማማ ጌኖቬፋ፣ ስለ ድሮው ኑሯቸው ሊነግሩን መጡ። በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ ሴቶች በምድር ቤት ተደራርበው እንዴት እንደኖሩ፣ ሳይነጋ አውቶቡስ ይዘው ቢሮ ለማጽዳት እንዴት እንደሚሄዱ ሲያወሩ አንድ ልጅ አልተንቀሳቀሰም። ድንገት አዩኝና አገሬን ጠየቁኝ። መንደራችንን ነገርኳቸው። የአባቴንም ስም ጠየቁኝ። እሱንም ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

“እናትሽ ከእኔ ጋር ኖራለች እኮ። የባንኩን ሽንት ቤት አብረን ነው ያጠብነው” አሉ።

ቲሞን ወዲያው፣ “ፒያኖ አስተማሪ ነበረች አላሉም እንዴ?” አለ።

እናቴ፣ ያኔ እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን፣ “እማማ ተሳስተዋል፤ ሌላ ሰው ትሆናለች” አልኩ። ካድኩሽ።

አሮጊቷ እጃቸውን አዩ። ከዚያ፣ “ይሆናል። እርጅና ነው” አሉ። የእኔን ውሸት በራሳቸው ላይ ወሰዱት።

ትምህርቱ ሲያልቅ መተላለፊያው ላይ ደረስኩባቸው። ዩስቲና ጫማቸውን እያሰረችላቸው ነበር። ልጅቷን ቀድመሽ ውጪ ብለው ላኳት፤ አልተቆጡኝም። ለእኔ ጫማ ስትገዢ በዕድሜ የምትተካከለኝን የጎረቤት ልጅ ከመንገድ ጠርተሽ እያስለካሽ እንደነበር ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ስትልኪልኝ እዚያ አገር ቤት ጠበበኝ እያልኩ ወርውሬዋለሁ። ቀጥለውም እኔን ልታስመጪኝ ብለሽ ትንሽ አልጋ ገዝታችሁ ከአልጋሽ አጠገብ እንደዘረጋችሁልኝ አጫወቱኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ብሮንያ ግን በስልክ፣ ልጅቷ አልሄድም ብላለች አለችሽ አሉ። አልጋውን ለሰው ሰጥተሽ ክረምቱን በሙሉ ሳትናገሪ ከረምሽ።

ትሄጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አላስታውስም። እኔ ያደግሁት አክስቴ፣ “እናትሽ አሜሪካ ጣማት” እያለችኝ ነው። ይህን ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ነበር፤ አሁን መልሼ አነሳሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ፊት ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። ምን እንደሠራሽ፣ የት እንዳደርሽ፣ እኔም እንደዋሸሁ። ጠበቃዋም ነበረች። ቲሞን ለምን እንደዋሸሁ ጠየቀኝ፤ አፍሬ ነው አልኩት። “በማን?” አለኝ። ይህ ሁሉ ዓመት ባንቺ መስሎኝ ነበር። ደወሉ ተደወለ፤ ልጁም መልሴን ሳይጠብቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ።

ከዚያ የፖፒ ፍሬ ኬክ ጋግሬ እማማ ጌኖቬፋ ቤት ሄድኩ። የጎመን ሾርባ አቀረቡልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ “ብዪ፣ ይቀዘቅዛል” አሉኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ሳልናገር በልቼ ወጣሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ስምሽን ያነሱት በር ላይ ስንሰነባበት ነው፤ ሰላም በይልኝ ብለዋል።

እንግዲህ እናቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ብቻሽን አንብቢው። አክስቴንም ምንም አትጠይቂያት። አርጅታለች፤ ምድጃሽን የምታነድልሽ፣ ገበያ የምትሄድልሽ እሷው ናት። በልጅነቴ ትኩሳት ሲይዘኝም አጠገቤ ያደረችው እሷ ናት፤ ያንን ያለችሽ ምናልባት ባዶ ቤት ፈርታ ይሆናል። እኔም ባለፈው እሑድ ስትደውልልኝ ድምፄን ሳልለውጥ አዋራኋት። ብቻ አንቺ ይህን እወቂልኝ፤ ቢጠይቁኝ ኖሮ በዚያው ቀን እመጣ ነበር።

የእመቤታችን ጥላ ካንቺ አይራቅ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ እጅሽን ለመሳም ያብቃኝ።

አንቺን ለመጥራት ያፈረችው ልጅሽ