ሳሎኔ ውስጥ ያለው ባሕር

እንደ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለውዷ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ? የባለቤትሽስ ሳል ለቀቃቸው? ልጆቹ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ራሴን እስኪገርመኝ ድረስ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። «ቤቱን ዘግተህ ና፤ ብቻህን ግድግዳ እያየህ አትለቅ» ያልሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የእህት አንጀት ሆኖብሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን አልመጣም። ምክንያቴን ስትሰሚ ደግሞ «ይሄ ሰው ለየለት» ብለሽ ወረቀቱን እንዳታጥፊው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ሳሎኔ ውስጥ ባሕር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት መንጋጋዬን አሞኝ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ተቀምጧል። ያለበት ዓሣ ብቻ አይደለም፤ ኮራል የሚሉት፣ ድንጋይ ላይ የሚያድግ፣ አበባ የሚመስል ግን እንስሳ የሆነ ፍጥረት ሞልቶበታል። ውሃው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይወዛወዛል። ሁለት ጊዜ ስሜ ተጠርቶ አልሰማሁም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የጥርሴንም የሌላውንም ሕመሜን ረስቼ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ አፌን ሲለቅልኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ገንዳው ነው። የገዛበትን ሱቅ አድራሻ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጠኝ።

የሱቁ ባለቤት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። ገንዳውንም ዓሣውንም ዛሬውኑ ልውሰድ ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ቆይ» አለችኝ። መጀመሪያ ቦታህን ለካ፣ ክብደቱን አስላ፣ ከዚያ ተመለስ ብላ ባዶ እጄን ሸኘችኝ። አልሸጥም የሚል ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ? በሁለተኛው ቀንም «ቆይ»፣ በሦስተኛውም «ቆይ»። በልቤ ወይዘሮ ቆይ የሚል ስም አወጣሁላት።

ክብደት ማስላት ግን ለእኔ! ሠላሳ አራት ዓመት አሳንሰር የጠገንኩ ሰው ነኝ። ውሃው ብቻ ሦስት መቶ ሊትር፣ ማለትም ሦስት መቶ ኪሎ ነው። መስታወቱ፣ ድንጋዩ፣ አሸዋው፣ ከሥር ያለው ማስቀመጫ ሲደመር ወደ አምስት መቶ ይጠጋል። ሰባት ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ለዓመታት ንቅንቅ አይልም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሸክም መኻል ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ተሸካሚው ግድግዳ ሥር መሆን አለበት። እዚያ ደግሞ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ታውቂዋለሽ፤ የባለቤቴ የስፌት መኪና ያለችበት።

ያቺን መኪና ሦስት ዓመት አልነካኋትም ነበር። ክሩ እንኳ መርፌው ላይ እንዳለ ነው። ሱቅ ሄጄ ለወይዘሮ ቆይ ቦታ የለኝም፣ ይቅርብኝ አልኳት። ምክንያቱንም ነገርኳት፤ ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ የእሷም ባል የሥራ ጫማ እስካሁን በሩ ሥር እንደተቀመጠ፣ በየሳምንቱ አቧራውን እንደምትጠርግለት አጫወተችኝ። ያን ቀን «ቆይ» አላለችኝም።

እቤት ተመልሼ መኪናዋን ፈታትቼ ዘይት ቀባኋትና ባለቤቴ ስፌት ላስተማረቻት ለማዶዋ ጎረቤታችን ሰጠኋት። አሁን ስትሰፋ ድምፁ በመስኮት ይገባል። ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም።

ከዚያ በኋላማ ሥራ ሆነ። ማስቀመጫውን በገዛ እጄ ሠራሁ። ውሃ ልክ ጭኜ ሳየው በግራ በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል፤ ማንም አያይልኝም ሳልል አፍርሼ እንደገና ገጠምኩት። ሽቦዎቹን ሁሉ ከሶኬቱ በታች ዝቅ አድርጌ አጠፍኳቸው፤ ውሃ ሽቦ ይዞ ቢወርድ መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ወይዘሮ ቆይ መጥታ ስታየው «ደንበኞቼን ይህን ለማስተማር ስንት ዓመት ስጮህ ኖሬ፣ ሳይነገረው የሠራ አንተን አየሁ» አለች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ የሥራ ዘመኔ ሲያልቅ ከተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት ይልቅ ይሄ አኩርቶኛል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በማጣሪያ አሳለፍኩት። አሥር ኪሎ ተኩል የባሕር ጨው በጠበጥኩ፤ የምግብ ጨው አይሆንም። ማሞቂያው፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ፣ ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያ ሰባት ሳምንት ያለ አንዲት ዓሣ! ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ የሚበሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ መጠበቅ ግድ ነው። ደብዳቤ አመላላሹ «ድንጋይ ነው እንዴ የምታረባው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ በየሳምንቱ ውሃውን በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ለምርመራ ሱቅ እወስዳለሁ። መመርመሪያውስ እኔም ቤት አለ። ግን የመመርመሪያውን ቀለም አጥርቶ የሚለየው የእሷ ዓይን ነው።

በስምንተኛው ሳምንት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና «በል እንግዲህ» አለችኝ። ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ አምስት ቀንድ አውጣዎች፣ የአውራ ጣቴን የምታክል አንዲት ኮራል ይዤ ገባሁ። እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነበር የምራመደው።

ከባዱ ቀን የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለና ፓምፑ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ አውቀዋለሁ፤ ባለቤቴ ያረፈች ዕለት ይሄው ቤት ውስጥ ሰምቼዋለሁ። ውሃው ካልተንቀሳቀሰ አየር ያጥረዋል። ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በጆግ እየቀዳሁ ከከፍታ ማፍሰስ ጀመርኩ፤ ውሃ ከላይ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። በሌላው እጄ ደወልኩላት። ሱቋን ዘግታ፣ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይዛ መጣች። እሱም አንድ ሰዓት ሠርቶ ቀጥ አለ። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ ብርድ ልብሶቼን ሁሉ መስታወቱ ላይ ጠቀለለችና ጆጉን ከእጄ ተቀበለች። ሃያ ደቂቃ እሷ፣ ሃያ ደቂቃ እኔ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ክንዴ ደንዝዞ ተስፋ የለውም አልኳት። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ከደከመህ ተቀመጥ፤ ይህን ቃል ግን አትናገር። አንድ ጊዜ ከሐኪም ሰምቼዋለሁ፤ ካንተ አልሰማም» አለችኝ። አልተቀመጥኩም።

መብራት የመጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ሁለታችንም እንደ ልጅ ጮህን፤ ልብሳችን ይጨመቃል። አንዲት ቀንድ አውጣ ሞታለች። ሌላው ሁሉ ተርፏል። ኮራሏም በማግስቱ ተከፈተች፤ ስትገባ አራት ቅርንጫፍ ነበራት፣ ዛሬ አሥራ አንድ ደርሳለች። ይህን ሁሉ በሕይወት ያቆየሁት እኔ ነኝ፣ እታለሜ። የአበባ ዘር እንኳ አያበቅልም ስትይኝ የኖርሽው ወንድምሽ!

እንግዲህ ይህን ትቼ የት እመጣለሁ? ይልቅ አንቺ ነይ። የእንግዳውን ክፍል አጽድተነዋል፤ መጋረጃውም ተቀይሯል። እኔ ብሆን አልቀይረውም ነበር፤ ግን አሁን ሳየው ያኛው በእርግጥም ያረጀ ነበር። ስትመጪ ሹራብ የምትሠሪልኝ ከሆነ ላስቸግርሽ ነው፤ አንድ ጨምሪበት። የሴት ይሁን፣ ትከሻው ጠበብ ያለ። ቀለሙ የወደድሽው ይሁን ብዬ ልጽፍ ስል «ቆይ፣ ሰማያዊ ይሁን» ተብያለሁ።

ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽ ሳቅ አይለየው። ለባለቤትሽና ለልጆቹ ሰላምታችን ይድረሳቸው።

የማሳስብሽ ሳይሆን የማኮራሽ ያድርገኝ፤
ታናሽ ወንድምሽ