ከሩቅ የመጣ ቅጠል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ የስፌት መኪናዬ ሳትቀር ደህና ነን።

አንድ ወሬ ልንገርህና ሳቅብኝ፤ የዱር ዛፍ መለየት እየተማርኩ ነው። አስተማሪዬ አባባ ነው። ዕድሜ ልኩን ደን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ እኔን ሊያስጠብቀኝ ተነሥቷል! መጀመሪያ አብረን ጫካ እንሄድ ነበር። አንድ ቀን በገዛ ጫካው መንገድ ተሳስቶ ብዙ አዞረኝና፣ «አዲስ ዛፍ ላሳይሽ ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ደጅ ይቀመጣል፤ እኔ ቅጠል እየቀጠፍኩ አመጣለታለሁ።

ብዙ አውቄአለሁ። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ይቀላል። ዋንዛን ከሾላ ጋር ሳምታታ ግን፣ «አንቺ ልጅ፣ ከጨርቅ ሌላ አይገባሽም!» ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት ልብሷን የምትጠብቅ ደንበኛ ስለነበረችኝ ጫካ አልሄድኩም። ላታልለው ብዬ፣ አንተ በልጅነትህ ከጫካ አምጥተህ ደጃችን ላይ ከተከልካት ወይራ አንድ ቅጠል ቀጠፍኩ። እሱ እዚያው ጥላዋ ሥር ነበር። ቅጠሉን ደጋግሞ አገላበጠው፣ አሸተተው።

«ይሄስ ከሩቅ ነው» አለኝ። «እዚህ አካባቢ የለም። ደክሞሻል ልጄ፤ ተቀመጪ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ «አዎ፣ ሩቅ ነው» አልኩት።

ለከርሞ እመጣለሁ ብለሃል። ወይራዋ ቅጠሏን አታረግፍም፤ እሷ እስከ ከርሞም ትጠብቅሃለች። ግን አለቃህ ፈቃድ ከሰጠህ፣ በዚህ ወር ብትመጣስ?

በደህና ያገናኘን። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ዛሬ ሳልነግረው ስምህን ራሱ ጠራ።

ታናሽ እህትህ