ጢስ ያጣ ክዳን

ሚያዝያ 4፣ 1999 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ብርድ ልብሴን ደጅ አውጥቼ አራገፍኩ። ዛሬም ዱቄት። ቢጫ፣ ደቃቅ፣ በወንፊት የተነፋ የሚመስል። ነፋሱ መልሶ ፊቴ ላይ በተነው። ሳላስበው ከንፈሬን ላስኩ። አሮጌ እንጨት አሮጌ እንጨት ይላል። ምራቄን ስተፋ ቆየሁ።

እናቴ ቁርስ ታቀርባለች። ዳቦውን በሻሿ ጫፍ ከልላ ነው የምትቆርሰው፣ ዝናብ እንደሚጥልበት። ቶሎ ብላ ትለኛለች፣ ሳይወርድበት። እጎርሳለሁ። ጥርሴ መሐል ይፈጫል።

የጣሪያችንን ወጋግራ ነቀዝ እየበላው ነው፣ ደብተር። ይኸው ጻፍኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ አቧራ ነው ስል ነበር። ትናንት ወንበር ላይ ቆሜ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አስጠጋሁ። ይሰማል። ቅርጥ፣ ቅርጥ። ረጋ ብሎ፤ የሚያሳድደው የለ።

ደወል ሊደወል ነው። ዛሬ የማስተምረው፦ የአየር ንብረትና የሰው አኗኗር።

ሚያዝያ 6፣ ቅዳሜ። ረፋድ

የሥልጠናውን ጥራዝ ከሣጥን አወጣሁ። ኅዳር ላይ ነበር፣ ከየት/ቤቱ አንድ አንድ መምህር ተጠርተን። «ኃይል ቆጣቢና ለአካባቢ ተስማሚ የመኖሪያ ቤት»። አዳራሹ ሲሚንቶና ቆርቆሮ። ሦስት ቀን ሙሉ በብርድ እየተንቀጠቀጥን ሙቀት ከቤት በየት በየት እንደሚያመልጥ ተማርን። አሠልጣኙ ከከተማ የመጣ ወጣት፣ የመካነ ሰላም ጭቃ ጫማውን እንዳይነካው ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ የሚሄድ። የድንጋይ ግድግዳና የጓሳ ሳር ክዳን ሙቀት በመያዝ ቆርቆሮን ያስከነዳል አለ። አጨበጨብን። የአባቶቻችንን ቤት የሚያመሰግን ሰው ከዚያ መድረክ ላይ ሰምተን አናውቅም።

እኔማ ከሁሉ በላይ አመንኩ። የተመሰገነው አባቴ የሠራው ቤት ነው። ተመልሼ በግድግዳውና በክዳኑ መሐል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን በጭቃና በጭድ ደፈንኩ። በምሥራቅ በኩል መስኮት ከፍቼ መስታወት አስገባሁ። መሐል ወለል ላይ የነበረውን ምድጃ አፍርሼ ጥግ ላይ ጭስ አልባውን ተከልኩ፤ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚያስወጣውን።

እውነቱን ልጻፍ፤ እናቴን ተሻላት። በወር ውስጥ። አስም ነው ብለዋት ስንት ክረምት ትራስ ተደግፋ፣ ቁጭ ብላ ያነጋች ሴት ተኛች። በጀርባዋ። አሁን ሳትቆም መስጊድ ደርሳ ትመለሳለች። አልሐምዱሊላህ በል ትለኛለች፤ እላለሁ።

ጥራዙን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ። ነቀዝ የሚል ቃል የለበትም።

ሚያዝያ 9፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት ተኩል

አያ ደምሴ መጡ። ከአባቴ ጋር ይህን ቤት የከደኑት ናቸው፤ ሰባ አልፏቸው አሁንም መሰላል የሚወጡ። ቢላቸውን ወጋግራው ላይ ሰኩት። የተቀቀለ ድንች ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ነቅለው አሸተቱት። ወደ እኔ ዞሩ።

«ቤቱን አስራባችሁት እኮ፣ መምህር።»

ምን ማለትዎ ነው አልኩ። ቀለቡ ጢስ ነበር አሉ። ባሕር ዛፍ ለነቀዝ ዳቦ ነው፤ ጢስ ሲጠጣ ግን ይጠቁራል፣ ይመራል፣ ማንም አይደፍረውም። ጓሳውም እንደዚያው። ሠላሳ ዓመት የቆመው በጥቀርሻው ነው። ከዚያ ወደ እናቴ፦ «አንቺስ እንዴት ዝም አልሽ?» እናቴ መሬት መሬት አየች። ልጄ ተምሮ መጣ፤ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ፣ አለች።

አያ ደምሴ ሳቁብኝ። ነቀዙም ሠልጥኖ ነው የመጣ አሉ፣ ጭስ አልባ ቤት መርጦ የሚገባ። እኔም ሳቅሁ። ጥር ላይ ያን ጥቀርሻ ከነሸረሪት ድሩ በረጅም መጥረጊያ አራግፌዋለሁ። እንደ ጥቁር ጨርቅ እየተገነጠለ ይወድቅ ነበር። ንጽሕና መስሎኝ። እያፏጨሁ።

እናቴና አያ ደምሴ ጢስ ይላሉ። ጥራዙ ጭስ ይላል። ልጅ ሳለሁ እኔም ጢስ እል ነበር፤ ት/ቤት ስገባ ተውኩት። አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። ጭሱን ከቤት ሳስወጣ ጢሱም አብሮ መውጣቱን ማን ይንገረኝ። ነጋሪዋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ አልጠየቅኳትም።

ሚያዝያ 14፣ እሑድ። ከሰዓት

ከጭነት መኪና ሾፌሮች የተቃጠለ ዘይት ለምኜ አመጣሁ። ወጋግራውን ቀባሁት። ሽታው! እናቴ ደጅ ተቀምጣ አፍንጫዋን ያዘች። ሁለቴ ሳለች። ብሩሹን ይዤ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም።

ዘይቱ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ዱቄቱ ላይ። ይለወሳል። ጥቁር ሊጥ። በእጄ አፈስኩት። ጥፍሬ ውስጥ እስካሁን አለ፤ በዚያው እጅ ነው ብዕሩን የያዝኩት። ነቀዞቹ? ከቀባሁት ሥር ሆነው ሥራቸውን ቀጥለዋል።

ከድጃ ከጅዳ ደወለች። እህቴ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ለክዳን ቆርቆሮ ልግዛላችሁ ማለት ከጀመረች ዓመት አለፋት፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም እንዴት ከረማችሁ ሳትል ጀመረች፦ አገሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ አንተ ሳር ትሰፋለህ? ቤቱ በሥልጠናው ቋንቋ አረንጓዴ ቤት ይባላል፣ ተመስግኗል አልኳት። እሷም፦ «ታዲያ የቸገረህ ቀለም ነው? ወላሂ እልክልሃለሁ።»

ስለ ነቀዙ አልነገርኳትም። ባዶ ቆርቆሮ ሐምሌ ላይ እናቴን ምን እንደሚያደርጋት አውቃለሁ፤ ብርዱም ደረቷን ይዘጋዋል። ይህ እውነት ነው። የደበቅሁት ግን ለዚህ አይደለም። ተሳሳትኩ ማለት አፌ ላይ ከብዶኝ ነው። ቃሉን መዋጥ ቀለለኝ።

ሚያዝያ 22፣ ሰኞ

ር/መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ሥልጠናውን የሰጡት ሰዎች ግንቦት 3 ይመጣሉ። ሞዴል ቤት ሊያዩ፣ ፎቶ ሊያነሱ። የእኔን ቤት። ሪፖርትህን አድንቀውታል አለ።

ሪፖርቴ አራት ገጽ ነው። ከዚያ ውስጥ ገጽ ተኩሉ የእናቴ ሳል። በሠንጠረዥ አስገብቻታለሁ፦ ከምድጃው በፊት፣ ከምድጃው በኋላ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን አንድ አንዱ ዓረፍተ ነገር ትዝ ሲለኝ ፊቴን እታጠባለሁ።

ደስ ይለኛል አልኩት፣ ይምጡ። ጠዋት ዱቄት ሲተፋ የነበረው አፍ ነው ይህን ያለው።

ሚያዝያ 29፣ ሰኞ። ማታ 1 ሰዓት

ከአያ ደምሴ ጋር ተስማማን። ቅዳሜ፣ ግንቦት 4፤ እንግዶቹ አይተው ከሄዱ በኋላ። እናቴ ወረኢሉ አክስቴ ዘንድ ትሰነብታለች። የደፈንኩትን ክፍተት ዙሪያውን እንከፍታለን፤ ኩበትና እርጥብ ቅጠል አጭሰን ቤቱን ሦስት ቀን እናጥነዋለን። ሽታው እስኪለቅ እሷ አትመለስም። ምናልባት ይተርፋል አሉ። ምናልባት። ካልሆነ ክረምት ሲገባ ይህ ወጋግራ ውኃ የጠጣ ጓሳ አይሸከምም። የሚወርደው ደግሞ እናቴ አልጋ ላይ ነው፤ በጣም የተበላው በዚያ በኩል ነው።

እናቴ ቤቱ ይታጠን መባሉን ወደደችው። ቀኑን ጠላችው። እንግዶቹ ዓርብ ናቸው፤ ከእነሱ በፊት ለምን አይሆንም? እንግዳ ዱቄት ሊበላ ነው? አይበሉም፣ አይተው ይሄዳሉ አልኳት። ተቆጣች። ከመቼ ወዲህ ነው ከዚህ ቤት እንግዳ ሳይቀምስ የወጣው? ልጅሽ ሞዴል ነው ተብዬ፣ ሰው ምግቡ ላይ ሲረግፍበት ዓይኔ እያየ?

አብሽሪ አልኳትና ፈተና ማረሜን ቀጠልኩ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ግንቦት 2፣ ሐሙስ። 9 ሰዓት፣ ጤ/ጣቢያ ደጃፍ

ባጭሩ ልጻፍ።

አራተኛ ክ/ጊዜ። የት/ቤቱ ዘበኛ የክፍሉን በር ገፋ። ቤትህ ይጨሳል አለኝ። ሮጥኩ። ክዳኑ አልነደደም። መላ ጓሳው ላብ እንደሚወጣው ቀስ ብሎ ይተናል። በሩ ከውስጥ ተሸጉሯል። ጎረቤታችን እቴ ዘሀራ በድንጋይ ትደበድበዋለች። ሰበርነው።

ድሮ ምድጃው በነበረበት፣ መሐል ወለል ላይ ነው እናቴ ያነደደችው። ኩበት፤ በላዩ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል። በሩንም መስኮቱንም ዘግታ፣ ጢሱ ክዳኑ ሳይጠጣው እንዳይወጣ። ድሮም እንዲህ ታጥን ነበር። ድሮ ግን ከክዳኑ ሥር ክፍተት ነበር። እኔ ደፈንኩት። ጥሩ አድርጌ፣ በጭቃና በጭድ፣ በእጄ አለስልሼ። ምንም እንዳያመልጥ። ምንም አላመለጠም።

መስኮቱ ሥር ወድቃ አገኘኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ተሸከምኳት። እንዲህ ቀላል መሆኗን አላውቅም ነበር።

መርፌ ወጓት። ትተነፍሳለች። በየትንፋሹ መሐል ያለው ዝምታ ረጅም ነው። አንድ ጊዜ ዓይኗን ከፈተች፤ የምትለውን ለመስማት ጎነበስኩ።

«ዱቄቱ ቆመ?»

ግንቦት 3፣ ዓርብ። ከሰዓት

እንግዶቹ መጡ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳቸው። አሠልጣኙ ያው ወጣት ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ነቀዙን፣ የጠረግሁትን ጥቀርሻ፣ የደፈንኩትን ክፍተት፣ እናቴን። ራሱን ነቀነቀ። አዘነ፤ የምሩን አዘነ። ከዚያ ይህ የአጠቃቀም ችግር ነው፣ በሪፖርቱ ተግዳሮት በሚለው ሥር ይገባል አለ። ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ፎቶ አንሺው ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ፣ መምህር፣ የተሰበረውን በር ከልልልኝ አለ።

ከለልኩ። ደብተር፣ እግሬ ራሱ ሄደ። ቆሜ ከለልኩለት።

ከዚያ ጤ/ጣቢያ። እናቴ ትናገራለች። ምን በሉ አለች መጀመሪያ። ምንም አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቆይታ፣ ሳትዞር፦ አባትህ ሲከድን ከሥር ሆኜ ጓሳ አቀብለው ነበር። እስር በእስር። ታዲያ ሰው አሳለኝ ብሎ ቤት ያፈርሳል? ስድን እንደገና አጥነዋለሁ። አሁን ቀስ አድርጌ ነው። ክፍተቱን ብቻ አንተ ክፈትልኝ።

የምሯን ነው። ታደርገዋለች። ክዳኑ እስካለ ድረስ፣ እኔ ት/ቤት በሄድኩ ቁጥር፣ ታደርገዋለች። ከቤቱና ከትንፋሿ መምረጥ የእኔ አይደለም ብዬ ስሸሽ ከርሜያለሁ። እሷ መርጣለች። ምርጫዋን ልቀበል አልችልም።

ግንቦት 4፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ቤቱ አይታጠንም። ክዳኑ ይወርዳል። ዛሬ፣ እሷ ሳትመለስ። የሚታጠን ነገር እንዳታገኝ።

ትናንት ማምሻውን ለከድጃ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች፤ ሰደበችኝ፤ እሺ አለች። ግድግዳው ይቆያል። ጣሪያው ቆርቆሮ ይለብሳል። ከሥሩ የጭቃና የጭድ ኮርኒስ፣ ለብርዱ። ይህም ከጥራዙ ነው፤ ግን መጀመሪያ አያ ደምሴን ጠየቅሁ፣ ወጋግራውም ማገሩም የጥድ ይሁን አሉ፣ ጥድ ነቀዝ አይወድም። ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። እስከ ሐምሌ አናውቅም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ስትሰማ የአባቴን ቤት አፍርሰሃል ትለኛለች፤ ልክ ናት። ምናልባት አታናግረኝም። በሕይወት ኖራ አታናግረኝ።

አያ ደምሴ መሰላሉን አስደግፈው ቆመዋል። ሽቅብ አይወጡም። የመጀመሪያዋን እስር ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ የምታነሣት አንተ ነህ፣ የቤቱ ልጅ፣ አሉ። «ና ውጣ እንጂ መምህር፤ ለዚህ ሥልጠና የለውም!» በየት በኩል ልጀምር ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ሳቃቸውን ተዉ። ከአልጋዋ በላይ፣ አሉ።

እሺ። ከዚያ እጀምራለሁ።