ገበሬ ቢሮ የሚመጣበት ቀን

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

የመሬት ቢሯችንን አሠራር የማሻሻያ ፕሮጀክት ቻርተር፣ ማለትም መነሻ ሰነዱን፣ ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። የመሬት ደብተር ለማውጣት የሚመጣ ገበሬ ለምን ሦስት አራት ጊዜ እንደሚመላለስ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለብኝ። «የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ፋይል ቶሎ ስለማታወጣ» ብዬ ጻፍሁ። ሠራተኛዋ እቴነሽ አነበበችው። ወደ ፋይል መደርደሪያዋ ተመለሰች።

ከሰዓት ከገሳይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ቀጠሯቸው ያለፈው ሐሙስ ነበር።

«አባባ፣ በቀጠሮዎ ቀን ምነው ቀሩ?» አልኋቸው።

«ገብሱ ደርሶ እንዴት ልምጣ ልጄ? እኛ ቢሮ የምንመጣ እርሻ በማይነካበት ቀን ነው። ትናንት ሚካኤልን ስሜ መጣሁ፤ ሰዉ በዝቶ ሳይደርሰኝ መሸ። ከዘመድ ቤት አድሬ ነው።»

ነገሩ ከነከነኝ። የባለጉዳይ መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጥሁ አየሁት። በየወሩ አቦ፣ ሚካኤልና ማርያም በሚውሉበት ቀን ገጹ እስከ ታች ሞልቷል። በሌላው ቀን ግማሹም አይሞላ። እኛ ግን ቀጠሮ የምንሰጠው በደፈናው «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ» እያልን ነው። ሰው ሲቀር እቴነሽ ያወጣችውን ፋይል ትመልሳለች፤ በበዓሉ ሲመጣ ደግሞ እንደ አዲስ ትፈልጋለች።

ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝሁት። በምትኩ ምን እንደምጽፍ ሳስብ፣ ትናንት ሰልፉ ከበር ውጭ ሲደርስ እኔ የት እንደነበርሁ ትዝ አለኝ። የሚካኤል ማኅበር አለብኝ ብዬ በጊዜ ወጥቻለሁ። ያን ሁሉ ሰው ብቻዋን ያስተናገደችው እቴነሽ ናት።