ለጊዜው ከተመዘገበው ምክትል ለዋናው ዕጩ

ለክቡር አልሃጂ ሙንታቃ ጊዳዶ፣
የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ለመሆን ለሚወዳደሩት፣
አቡጃ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጠባቂዎችዎና የጠባቂዎችዎ ጠባቂዎች ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ትሁት አገልጋይዎ፣ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ኦርኩማ ኢዮርቻ፣ ከጎድን አጥንቴ በስተቀር እዚህ ማኩርዲ ከተማ እጅግ ደህና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ምክትልዎን መምረጥ አቅቶዎት የምርጫ ኮሚሽኑ ቀነ ገደብ ሲደርስብዎ፣ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረው ጸሐፊዎ ቢትረስ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ቲቸር፣ ስምዎን ለጥቂት ቀን ያውሱን፤ ዋናው ሰው ሲገኝ እንመልስልዎታለን፤ ማንም አይሰማም» አለኝ። ስም ማዋስ ማንን ይጎዳል ብዬ ፈረምኩ። ከዚህ በታች ያሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

፩ኛ፦ እርስዎ ዝም ባሉበት ሰሞን፣ ጋዜጣ ሳይገዙ አዟሪው ፊት ቆመው አርእስት የሚያነቡት የሰፈራችን ሰዎች ምክትሉ ማን እንደሚሆን ይተነብዩ ነበር። ሥጋ ሻጩ አገረ ገዢው ነው ሲል፣ ፀጉር አስተካካዩ ሴናተሯ ናት አለ። ሥጋ ሻጩም የፀጉር አስተካካዩን ጆሮ ቆርጦ ክርክሩን ዘጋ። ጆሮው ጋዜጣው ላይ ሲወድቅ አዟሪው፣ «ይቺንስ ትገዟታላችሁ» አለ።

፪ኛ፦ ስሜ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ በተለጠፈ ዕለት፣ ሹመቱን ለአለቃቸው ሲጠብቁ የነበሩ ወጣቶች ቆንጨራ ይዘው እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ መጡ። «የአለቃችንን ወንበር የበላኸው አንተ ነህ?» ሲሉኝ፣ «ለጊዜው ነው» አልኳቸው። «እኛም የምንመታህ ለጊዜው ነው» አሉኝ። ቦዬ ያከማቸሁበትን ጎተራዬን አቃጠሉ፤ አሮጌዋን ፔጆዬን እሳቱ ላይ ገለበጧት፤ እኔንም እንደ ቃላቸው መቱኝ።

፫ኛ፦ ልጄ ቴሩንግዋ ሊገላግለኝ ወጣ። ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች ቆረጡት። ልጄ አናጺ ነበር። እናቱ፣ ባለቤቴ ዱፋን፣ የተቆረጠውን እጁን በራስ መሸፈኛዋ ጠቅልላ ሆስፒታል ድረስ ይዛው ሮጠች፤ መልሶ የሚሰፋ ሐኪም ግን አልነበረም። እዚህ ላይ አክብሮቴ ለአንድ መስመር ይቋረጥ፤ እጠላዎታለሁ።

፬ኛ፦ ትናንት ቢትረስ አንድ ካርቶን ብርቱካን ተሸክሞ ወደ ልጄ የሆስፒታል አልጋ መጣ። ዋናው ምክትል ስለተገኘ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት እንድፈርም ጠየቀኝ። ዱፋን ብርቱካኑን በመስኮት ደፋችው። «ቲቸር በፈጠረዎት፣ እርስዎ ካልፈረሙ ሕጉ መቀየር አይፈቅድም፤ የመቀየሪያው ቀን ደግሞ ዓርብ ያልቃል» ብሎ አለቀሰ። ስለ ሕጉ ማብራሪያ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ አላውቀውም ነበር።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ገዛ ፈቃዴን ብፈልገው ስላጣሁት አልፈርምም። ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ በጋዜጣ ሲወጣ ዓርብ አልፏል።

በደስታም በመከራም ከጎንዎ እንዳልለይ ሕግ ያሰረኝ፣
የክቡርነትዎ ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩ፣
ኦርኩማ ኢዮርቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተመርጠን እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ አገሪቱን የምረከበው እኔ መሆኔን ከሕገ መንግሥቱ ተረዳሁ። እነዚያ ወጣቶችም አልፈርምም ማለቴን ሰምተው ዛሬ ጠዋት ከነቆንጨራቸው መጡና፣ «ጌታችን፣ አሁን ደግሞ ማንን እንምታልዎት?» ብለው ጠየቁኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።