ገጽ አሥራ አራት

ኮልፌ፣ ግንቦት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ውድ አምሐ፣

ፖስታውን ስትከፍት መጀመሪያ እጅህ የሚገባው የተጣጠፈ ሰፊ የኮምፒውተር ወረቀት ነው። ታውቀዋለህ። መስከረም ላይ በስብሰባው መሀል አንተ «አለ» ያልከው፣ እኔ ደግሞ «የለም» ያልኩት ገጽ አሥራ አራት ነው። በእሱ ሰበብ ከሥራህ ተነሥተህ ጎሬ ስትላክ ገጹ እኔ ዘንድ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እዚያው ቆለፍኩበት። ከዚህ በታች ያለውን ለማንበብ ትዕግስት ካጣህ አልፈርድብህም።

ለጥናቱ ዘጠና አራቱን እናቶች ለመጠየቅ ከሳንሱሲ እስከ 18 ማዞሪያ በእግራችን ስንዞር ጫማህ አፉን ከፍቶ በሲባጎ አስረኸው ነበር። ጥያቄያችን ቀላል ነበር፤ እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት የማያመጡት ለምንድን ነው? የክፍል ኃላፊያችን ጓድ ይገዙ መልሱን ገና ሳንነሳ ያውቀው ነበር። ስላልተማሩ ነዋ! ሞዴሉንም፣ ምን ምንን እንደሚያመጣ በቀስት የሚያሳየውን ሥዕል፣ እንደዚያው አሠራን። ከማንበብ ወደ ግንዛቤ አንድ ቀስት፣ ከግንዛቤ ወደ ክትባት ሌላ ቀስት። አንተ ከቤት እስከ ክሊኒክ ካለው ርቀት ወደ ክትባት የሳልከውን ቀስት «ይሄ ነገር ያወሳስባል» ብሎ በእርሳስ ሰረዘው።

ውጤቱ ታትሞ የመጣ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የሞዴሉ መፈተኛ ካይ ስኩዌር 24.1፣ ፒ 0.29። በሌላው ፈተና ሁሉ ትንሽ ፒ ስንለምን ኖረን፣ እዚህ የሚፈለገው ትልቁ ነው፤ ሞዴሉ ከመረጃው ብዙም አልራቀም ማለት ነውና። እኔም ሳልውል ሳላድር ሪፖርቱ ላይ «ሞዴሉ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። አንተ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰህ አነበብከውና ሳቅህ መጣ።

«አልተጣለም በይ እንጂ ጽጌ። ዘጠና አራት ሰው ይዘሽ ምኑን ልትጥይው ነው? ናሙናው ሲያንስ ፈተናው አቅም ያጣል፣ የተሳሳተውንም ያሳልፈዋል። ደግሞ ቀሪዎቹን እያቸው እስቲ።»

ቀሪዎቹ፣ ማለትም ሞዴሉ ሊገልጸው ያልቻለው ሁሉ፣ በገጽ አሥራ አራት ጥንድ ጥንድ ሆነው ተዘርዝረዋል። ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ርቀትና ክትባት የሚገናኙበት ላይ ብቻ 2.8 ይላል፤ ከሁለት ካለፈ ደግሞ ሞዴሉ እዚያ ላይ ስቷል ማለት ነው። አንተ በቀይ እስክሪብቶ ከበብከው። ሌሎቹ ስለተስማሙ አጠቃላዩ ቁጥር አማረ እንጂ፣ የሰረዝነው ርቀት እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። ገብቶኛል አምሐ። በደንብ ነው የገባኝ። ግን ሪፖርቱ ታይፕ ተደርጎ፣ ስሜ ከላይ ተጽፎ ነበርና አኮረፍኩህ። ወረቀቱንም አንስቼ መሳቢያዬ ከተትኩት።

ከዚያ ስብሰባው መጣ። የሰፈራችን ክሊኒክ ይዘጋ፣ ገንዘቡ ለመሠረተ ትምህርት ይዋል ተባለ። አንተ ብድግ ብለህ «የቀሪዎቹ ገጽ ከሪፖርቱ ወጥቷል» አልክ። ጓድ ይገዙ ወደኔ ዞሮ «ጓድ ጽጌማርያም፣ ሌላ ገጽ አለ?» ሲል ጠየቀ።

«የለም» አልኩ።

አየኸኝ። አሻጥረኛ ሲሉህ እንኳ እኔን ነበር የምታየው። ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። መፍራቱንስ ፈርቻለሁ፣ ዘመኑ ነው። ከፍርሃቱ የባሰው ግን ኩራቴ ነው። «ተረጋግጧል» ያልኩት እኔ ተሳሳትኩ እንዳይባል አንተን አስበላሁህ።

ያለፈው ቅዳሜ ፌርማታው ላይ ዋጋነሽን አገኘኋት። ሳንሱሲ አንተ ራስህ የጠየቅሃት፣ በመጠይቃችን ቁጥር ስልሳ አንድ። ዳቦ ካልበላህ አልመልስም ያለችህ ሴትዮ። ልጇን አዝላለች። ልጅቷን ኩፍኝ ይዟት አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ የክትባቱ ቦታ ዘነበወርቅ ሆኗል፣ ሁለት አውቶቡስ ነው።

ምን ነካኝ መሰለህ፣ «ክትባት እንደሚያስፈልግ አልነገሩሽም ነበር?» አልኳት።

አልተቆጣችም። «እህቴ፣ የክትባት ካርዷን እኔው ነኝ ያነበብኩት። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቴ ወጥቼ አውቶቡሱ ሞልቶ ጥሎኝ ሄደ። ሦስተኛ ሳልወጣ ያዛት» አለችኝ።

እዚያው ፌርማታ ላይ እንባዬ መጣ። እሷ ናት ያባበለችኝ፣ አስበው። ምን እንዳደረግኋት አልነገርኳትም። ለእሷም መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሳንሱሲ እሄዳለሁ።

አሁን ያንኑ ሪፖርት ይዘው ሌሎች ሁለት ክሊኒኮች ሊዘጉ ነው። ስብሰባው የፊታችን ሐሙስ ነው። የላክሁልህ ዋናው ወረቀት ነው፣ ቀዩ ክብ አለበት። እኔን ለማሰር ቢፈልጉኝ ወይም መሳቢያዬን ቢበረብሩት ገጹ አንተ ዘንድ ይኑር። ለስብሰባው ቁጥሮቹን በእጄ ገልብጫለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ገና ነኝ፣ መጀመሪያ ያንን ቀን ልለፈው።

ሐሙስ ጓድ ይገዙ ምንም አይጠይቀኝም፤ መልሴን አንዴ ሰጥቻለሁ። ሳልጠየቅ እነሳለሁ። «አለ» እላለሁ።

ጽጌማርያም