የመውረጃ ፈቃድ

ረቡዕ

ሚስተር ያን ያመጣውን የመብረሪያ ጨርቅ ሳይ እኔ ዣንጥላ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አይደለም አለ። ሚስተር ያን ለፋብሪካው ማሽን ሊተክል ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ ረጅም ሰውዬ ነው። ዣንጥላ ከአውሮፕላን ወደ ታች ነው፤ የእሱ ጨርቅ ግን ከኮረብታ ላይ በሩጫ ይነሳል፣ ነፋስ ከቀናውም ጭራሽ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቴ አስደገምኩት፤ አሁንም አልገባኝም።

እሁድ በዚህ ጨርቅ የሚበረው ወንድሜ ጋሼ ተስፋዬ ነው። ድሮ አየር ወለድ ነበር፤ በመጨረሻው ዝላይ ጉልበቱ ተሰብሮ በቦርድ ተሰናበተ። አሁን የሚስተር ያን ሾፌር ነው። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ እንዳስቀረው ለመነችኝ፣ እሺ አልኳት። እሱ ደግሞ «አንድ ቀን እንኳ በሁለት እግሬ ቆሜ ልውረድ» አለኝ፣ እሱንም እሺ አልኩት። ይኸው ሁለት እሺ ይዤ ተቀምጫለሁ።

ሐሙስ

ልምምድ፣ ከሶደሬ መንገድ ወጣ ብሎ። ሚስተር ያን በተሰባበረ እንግሊዝኛው ነገረኝ፣ እኔም በተሰባበረው የእኔ ሰምቼ ጻፍኩ፦

ጨርቁ መሬት ላይ ተዘርግቶ ገመዱ አንድ በአንድ ይታያል። አንድ እንኳ ከተጠላለፈ መብረር ቀረ።
ፊት ወደ ነፋስ። ሲነሱም ሲወርዱም።
መሮጥ እንጂ መዝለል የለም።
መሬት ሲቀርብ ሁለቱን እጀታ ወደ ታች መሳብ፣ እግርን ለሩጫ ማዘጋጀት።

ጋሼ ሦስተኛው ላይ ወደቀ። ጥቂት ይሮጥና ይዘላል፤ ጦር ሠራዊት ያስተማረው እግር ነዋ። ሲዘል ጨርቁ ይረግባል፣ እሱም በቂጡ ቁጭ። አራት ጊዜ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ሳቁበት። አንዷማ «ጋሼ፣ ዶሮም ከዚህ ይሻላል» አለችው። በአምስተኛው ሮጠ፣ ሮጠ፣ እግሩ መሬት ለቀቀ። ከወገቤ አልበለጠም። ቢሆንም ለቀቀ።

አርብ

በዚህ ዘመን ከሰማይ የሚወርድ ሰው ዝም ተብሎ አይታይም፤ መጀመሪያ ይተኮስበታል፣ ከዚያ ማንነቱ ይጠየቃል። ስለዚህ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ በደንብ አዳመጡኝና ሰው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሲሄድ እንደሚደረገው መሸኛ እንጻፍለት አሉ። ግን የሚወርድበት ገበሬ ማኅበር በስም ይጠቀስ። ያንን ነፋሱ ነው የሚወስነው አልኳቸው። «ልጄ፣ ነፋስ ማኅተም የለውም» አሉኝ።

ከኮረብታው ሥር ሁለት ማኅበር አለ፤ የሚለያያቸው የቁልቋል አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲህ ያለው ተጻፈ። ማኅተም ተመታ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለጋሼ ወሰድኩለት። አንብቦ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ትእዛዝ ነው አለ።

ቅዳሜ

ሚስተር ያን ስለ መሸኛው ስነግረው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ነፋሱ ከዞረና ተስፋዬ የተጻፈለትን ማሳ አልለቅም ካለ፣ ነፋስ በጀርባው ይዞ በፍጥነት ይወርዳል፤ ያ ጉልበት ዳግመኛ አይጠገንም አለ። ለጋሼ ነገርኩት። «ማኅተም አለበት እኮ» ብሎኝ አረፈው።

እንግዲህ ያወጣሁለት ወረቀት ከጥይት የሚያድነው ነው ወይስ እግሩን የሚያስጨርሰው? እትዬ ጥሩነሽ ነገ የት ነው የምትሄዱት ስትለኝ ምስር መልቀም ጀመርኩ። ምስሩ ንጹሕ ነበር።

እሁድ

ተነሳ። አልዘለለም። ብርቱካናማው ጨርቅ ከኮረብታው ጫፍ ወጥቶ ከአናቴ በላይ ሲያልፍ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እኔ ታች ነበርኩ፤ ከቁልቋሉ ወዲያ አንዲት ግራር ጥላ ሥር።

ቁልቁል መምጣት ሲጀምር ነጠላዬ ከትከሻዬ ተገፎ ወደ አጥሩ በረረ። ነፋሱ ዞሯል። ጋሼ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ተጻፈለት ማሳ ታጥፏል፣ እንደ መኪና ይከንፋል። ከጥላው ወጥቼ ጮህኩ፦ «ወረቀቱን ተወው! ወደ ነፋሱ ዙር!»

ዞረ። ቀስ አለ። አጥሩን በእግሩ ሊነካ ምንም ሳይቀረው አለፈና የታጨደ ጤፍ ላይ ስድስት እርምጃ ሮጦ ቆመ። በሁለት እግሩ።

እቅፍ ሳላደርገው የማኅበሩ ጠባቂዎች ጠብመንጃቸውን ይዘው ደረሱ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ «አካም ጅርታ» ብለው ሰላም አሉት፤ ቀጥለው ከየት እንደመጣ ጠየቁ። ወደ ላይ አሳየ። መሸኛውን አነበቡ። «ይሄ የጎረቤቶቻችን ነው፣ የእኛ አይደለም» አሉ። እስኪጣራ ወሰዱት። እትዬ ጥሩነሽን የምነግራት እኔ ሆንኩ።

ሰኞ

እኩለ ቀን ላይ በጋሪ መጣ፣ ጨርቁን ታቅፎ። ሲያድር ወተት አጠጥተውታል፤ የመመለሻውንም መሸኛ ጽፈውለታል። እትዬ ጥሩነሽ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁለታችንንም ሰደበችን፣ ከዚያ ምሳ አቀረበች።

እኔማ ከትናንት ጀምሮ እንዴት እንዳዳንኩት ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ማዕድ ላይ እንዲመሰክርልኝ ጠየቅኩት። ጎርሶ እስኪውጥ ጠበቅን።

«ድምፅሽን ሰማሁ» አለ፤ «ያልሽውን ግን አልሰማሁም። ምን ሆነች ብዬ ወደ አንቺ ዞርኩ።»

እዚያ ግራር ሥር የሄድኩት ፀሐይዋ አናቴን ስላቃጠለችኝ ነበር። መጀመሪያ የቆምኩት ከአጥሩ ወዲህ፣ በተጻፈለት ማሳ ዳር ነበር። እዚያው ብቆይ ኖሮ ወደ እኔ ሲዞር ነፋሱ በጀርባው ይሆን ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ሌላ ጉርሻ አጎረስኩት።